ስለ ኦርጋኑ የላክኸው ሦስት መስመር

ፒካዳ ሴድሮ
ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1976

ውድ ወንድሜ ሎታር፣

ይህ ደብዳቤ ብሬመን ሲደርስ እናንተ ጋ ብርዱ ገብቶ ይሆናል። ጤናህ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሲመጣ ከደመናው ቀድሞ ይነግረኛል። ዛሬ የሙታን መታሰቢያ ስለሆነ በማለዳ ወጥቼ የእማማንና የአባባን የመቃብር ድንጋይ በብሩሽ ፈትጌ፣ አበባ አኑሬ ተመለስኩ። የአባባ ስም ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ወጥቶበት ነበር፤ አሁን ይነበባል።

መልስህ ኦክቶበር 9 ቀን ደርሶኛል። ሦስት መስመር ናት፤ ሳላያት በቃሌ እላታለሁ። «አልመለስም። ኦርጋኑን ለሚፈልገው ስጡት። እንጨት ነው።» ከዚያ ፊርማህ።

አልተቀየምኩህም፤ የጠየቅንህ እኛ ነን። ግን ያቺን ወረቀት ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማንም አላሳየሁም። አጎት ኤጎን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በወፍጮ ቤት፣ በሱቅ ባገኘኝ ቁጥር «ከሎታር ምን ተሰማ?» ይለኛል። እኔም «ገና ነው፣ ፖስታው ዘገየ» እለዋለሁ። በአርባ ሰባት ዓመቴ እንደ ሕፃን ዋሸሁ። ለምን እንደዋሸሁ ልነግርህ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት። ይረዝማልና ታገሠኝ።

በኦገስት የደረሰህ ደብዳቤ በእኔ እጅ ይጻፍ እንጂ ቃሉ የአጎት ኤጎን ነበር። የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ከሆነ ወዲህ ድምፁም ወፍሯል፤ አጠገቤ ቆሞ ጢሙን እያሻሸ ነው ያስጻፈኝ። የከተማው ጉባኤ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠርቶ የእኛን ባለቧንቧ ኦርጋን ነቅሎ መውሰድ ይፈልጋል። እኛ ጋ ደግሞ የሚጫወት ጠፋ። አባባ ካረፈ በኋላ የቀድሞው ቄስ ሚስት ሦስት ዓመት ተጫወተችልን፤ እነሱም ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ድምፅ አልወጣውም። «ዝም ያለ ኦርጋን የምስጥ ቀለብ ነው» አለ አጎት ኤጎን፤ እውነቱን ነው። ግን በገዛ ፈቃዳቸው ሊሰጡት አልቻሉም። አያታችን ያኮብ በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ላይ አስጽፈው አልፈዋላ! ከያኮብ ቬንድሊንግ ቤት የሚጫወት እስካለ ድረስ ኦርጋኑ ከዚህ ሰገነት አይነሳም። ስለዚህ ላንተ ተጻፈ። ትመጣለህ ወይስ ይሂድ?

በክፍሉ ውስጥ ስምንት ሽማግሌዎች ነበሩ። ከያኮብ ቬንድሊንግ ቤት ሌላ ሰው መኖሩን፣ ያውም እስክሪብቶ ይዛ ፊታቸው መቀመጧን አንዱም አላሰበም። እኔም መኖሬን አላስታወስኳቸውም።

«እንጨት ነው» ስላልክ የእንጨቱን ነገር ላንሳልህ። አንተ ከእኔ የበለጠ ሰምተኸዋል፤ ከአያት እግር ሥር ትቀመጥ የነበርከው አንተ ነህ። እኔ የሰማሁት ከኩሽና በር ላይ ሳህን እያደረቅሁ ነው።

የኦርጋኑ ሣጥኖች ከጀርመን በመርከብ፣ ከዚያ በወንዝ ጀልባ፣ ከዚያ በስድስት የበሬ ጋሪ መጡ። ዘመኑ 1911 ነው። መሻገሪያው ላይ አራተኛው ጋሪ ተገለበጠ። ያ ሣጥን የትንንሾቹ ቧንቧዎች ነበር፣ የወፍ ድምፅ ያላቸው። ወንዙ ጠጣቸው። ሰዎቹ ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ ሲዳብሱ ሰንብተው ያገኙት አራት የተጨማደደ ቧንቧና ከብዙ ዓመት በፊት የጠፋ የአንድ ጎረቤት ማረሻ ነበር። አያት ይህን ሲተርኩ ሁልጊዜ «ጎረቤቱ ግን በጣም ተደሰተ» ብለው ይጨርሱ እንደነበር ታስታውሳለህ?

ከጀርመን ሌላ ለማስመጣት የሚያስችል አቅም አልነበረም። አያት ቀርከሃ ቆረጡ። በብርዱ ወራት፣ ጨረቃ ስትጎድል፣ ያኔ ብቻ፤ ያለዚያ ነቀዝ ይገባዋል። ከጣሪያ ሥር ስምንት ወር አደረቁት። ከዚያ እያንዳንዱን በቢላዋ አፍ እያወጡለት፣ በከንፈራቸው እየነፉ፣ ከቀሩት አራቱ ጋር እያስተያዩ አርባ ሁለት ቧንቧ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ያ የድምፅ ረድፍ «ወንዙ» ይባላል። የከተማው ሰው ኦርጋኑን ሊያይ የመጣ ጊዜ ቀርከሃውን አይቶ ሳቀ። «ይኼንን እዚሁ እንተወዋለን» አለ።  ከአርባ ሁለቱ አሥራ አንዱን በየጊዜው የለወጥኳቸው እኔ ነኝ፣ ሎታር። አባባ ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ ቆርጦ ለመስጠት እንጂ ለመጥረብ አይችልም። እኔ እጠርባለሁ፣ እሱ ያዳምጣል። «ትንሽ ይቀረዋል... ትንሽ... በቃ፣ አትንኪው!» ከአባባ ጋር ያሳለፍኩት ጥሩ ጊዜ ያ ነው።

ከዚያ ደግሞ የዝምታው ዘመን አለ። እሱን አብረን ነው ያየነው። ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የእኔ ትምህርት እዚያው ላይ አበቃ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት የሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣና ያለፈ ዓመት ቀን መቁጠሪያ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ አገሩ ከጀርመን ጋር ጦርነት ገብቶ በቋንቋችን፣ በጀርመንኛ፣ መናገር ራሱ ሲከለከል የፖሊስ አዛዡ የመዝሙር መጻሕፍታችንን በዱቄት ጆንያ እየከተተ ሲወስድ አባባ ቆቡን አውልቆ ጠየቀው።

«መጫወትስ ይቻላል?»

አዛዡ ወደ ሰገነቱ ቀና ብሎ አየ። «ይኼ ነገር በምን ቋንቋ ነው የሚናገረው?»

«ኦርጋን ቋንቋ የለውም፣ ጌታዬ።»

«ጥሩ። እንግዲያው እሱ ይናገር፤ እናንተ ዝም በሉ።»

ሦስት ዓመት እንዲያ ሆነ። አባባ የመዝሙሩን ሁሉንም አንጓ፣ ሰባት ከሆነ ሰባቱንም፣ ምንም ሳይቀንስ ይጫወታል፤ ሰዉ ከንፈሩን ገጥሞ ይቀመጣል። አንድ ፖሊስ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ የማን ከንፈር ይንቀሳቀሳል ብሎ ያያል። እማማ ሌላ ቋንቋ ስለማታውቅ ከቤት ውጭ ቃል ሳትናገር ሞተች። ቀብሯ ላይ አባባ መጫወት አቃተውና አንተ ተቀመጥክ፤ አሥራ ስምንት ዓመትህ ነበር። እኔ እንደ ሁልጊዜው ከኦርጋኑ ጀርባ፣ በግድግዳውና በሣጥኑ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ለቧንቧዎቹ ነፋስ የሚሰጠውን ወናፍ እነፋ ነበር። ከዚያ ሆኜ የሚጫወተውን ሰው ማየት አይቻልም። ግን ወናፉ ሁሉን ይናገራል፤ እጅ ሲከብድ ነፋሱ ቶሎ ያልቃል፣ እጅ ሲፈራ ይተርፋል። ያን ቀን እጅህ መንቀጥቀጡን ከሰዉ ሁሉ በፊት እኔ አወቅሁ። ነግሬህ አላውቅም።

ጦርነቱ አልቆ መዝሙር ሲፈቀድ ግን ምን እንደሆነ አስታውስ። ቄሱ «ዛሬ እንዘምር!» አሉ። አባባ የመጀመሪያውን አንጓ ጀመረ፤ አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ለምዶባቸው ነው። ሁለተኛው አንጓ ላይ ነው አክስታችን ታንቴ ኦሊንዳ ብቻዋን የጀመረችው፤ ከዚያ ሁሉም እያለቀሰ ተከተላት። ይኸው እስከ ዛሬ በዚህች ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው አንጓ አይዘመርም። ኦርጋኑ ብቻውን ይለዋል፤ እኛ እንሰማለን፤ ከሁለተኛው እንገባለን። እንግዳ ሰው ሳያውቅ ቀድሞ ከጀመረ ሁሉም ዞሮ ስለሚያየው ደንግጦ ዝም ይላል።

አሁን ወዳልነገርኩህ ልምጣ።

አባባ አንተን ሲያስተምርህ ከጀርባ ሆኜ ሁሉን እሰማ ነበር። «አውራ ጣትህን ከሥር አሳልፍ!» «ግራ እጅህ ተኝቷል፣ ቀስቅሰው!» እኔም በወናፉ እጀታ ላይ አውራ ጣቴን ከሥር አሳልፍ ነበር። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ «እኔንም አስተምረኝ» አልኩት። አልተቆጣም። እውነቴን ነው፣ አልተቆጣም። ሳቅ ብሎ «ሁለታችሁም ከፊት ከተቀመጣችሁ ማን ይነፋል?» አለኝ። ወደ ወናፌ ተመለስኩ። ልክ ነው፣ ይህ ዕቃ ያለ ሁለት ሰው አይሠራም።

ከዚያ በ1948 ያ የፋሲካ ማግስት መጣ። «እዚህ ቧንቧ መሃል አልቀበርም!» ብለህ አባባ በእጁ የጻፈልህን የኖታ ደብተሮች ቀድደህ ከሰገነቱ ላይ በተንካቸው፤ ደረጃውን ወረድክ፤ ሄድክ። ከመርከብ ላይ በጻፍክልኝ ደብዳቤ «ስሄድ አለቀስሽ ወይ?» ብለኸኝ፣ «አዎ» ብዬ መልሼልህ ነበር። ሎታር፣ አላለቀስኩም። ወረቀት እየለቀምኩ ነበር። አንተ በር ሳትደርስ እኔ ወንበር ሥር ገብቼ ነበር። ሁለት የሽርጥ ኪስ ሙሉ ሆነ።

በካሳቫ ሙጫ ከቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ለጠፍኳቸው። የጎደለ ብዙ ነበር፤ ሙሉ የሆኑት ሦስት መዝሙሮች ብቻ ናቸው። ኖታ ማንበብ ማንም አላስተማረኝም፤ እሁድ እሁድ አባባ የሚጫወተውን በጆሮዬ ይዤ ሰኞ ከወረቀቱ ጋር አስተያየው ነበር። ነጥቡ ሲወጣ ድምፁ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል፤ ከዚያ የቀረው ትዕግሥት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጠራጊ ስለሆንኩ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ቀትር ላይ አገሩ ሁሉ ምሳ በልቶ ሲተኛ እሄድና እቀመጣለሁ። ወናፉን የሚነፋ የለምና ድምፅ የለም። እንጨቱ ብቻ ታክ፣ ታክ፣ ታክ ይላል። ድምፁን በሐሳቤ እሰማዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ሃያ ስምንት ዓመት ተጫወትኩ። አንድ ቀን እንኳ ራሴን ሰምቼ አላውቅም።

ደብዳቤህ የደረሰ ቀንም የሄድኩት ወደዚያው ነው። ኪሴ ውስጥ «እንጨት ነው» የሚለው ወረቀት አለ፤ እጄ ታክ ታክ ይላል። በሩን መቆለፍ ረስቼ ነበር።

«ዶና ኤርና! ጠረጴዛ እየደበደብሽ ነው እንዴ?»

ኢራሲ ናት። አታውቃትም፤ ከጅረቱ ማዶ የሰፈረችው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ዶሮ ታረባለች፣ ካቶሊክ ናት፣ እንደ አገሬው «ዶና» እያለች ታከብረኛለች፣ ቀኑን ሙሉ ብትናገር አይደክማትም። እንቁላል ይዛልኝ መጥታ ቤት ስታጣኝ ፈልጋኝ ነው። ምን ልበላት? አለቀስኩ። በሰው ፊት አልቅሼ እንደማውቅ አላስታውስም፤ ለእሷ ግን ሁሉን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ይኼ ራሱ ተአምር ነው።

«እና የሚነፋ ነው የጠፋው?»

«አዎ።»

«ይኼ ዱላ ነው የሚነፋው?»

«አዎ። ግን አንቺ ካቶሊክ፣ እኛ ሉተራን...»

«ነፋስ ሃይማኖት አለው እንዴ? ቅድስት እናታችን ታውቃለች፣ ለጎረቤቴ እንጂ ለሉተር አይደለም የምነፋው። ወደ ታች ነው ወደ ላይ?»

«ወደ ታች። በቀስታ። እንደሱ አይደለም፣ ዶሮ እያባረርሽ አይደለም!»

ነፋሱ ገባ። ቀርከሃዎቹ መጀመሪያ እንደሚያዛጋ ሰው አሉ። ከዚያ ጣቴን አስቀመጥኩ።

ሎታር፣ አስቀያሚ ነበር። እውነቱን ልንገርህ ብዬ ተቀምጫለሁና አልደብቅህም። በዝም ያለ ቁልፍ ላይ የተማረ ሰው መቼ ጣቱን እንደሚያነሳ አያውቅም፤ አንዱ ድምፅ በሌላው ላይ እየተኛ እንደ ፈሰሰ ወተት ሁሉም ተቀላቀለ። ከዚያም የባሰ ነገር ሰማሁ። ሉተርን በምናስብበት በተሐድሶ ቀን አባባ የሚጫወተው ያ አሮጌ መዝሙር አለ አይደል? ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ቦታቸውን ተለዋውጠዋል። ወረቀቶቹን ስለጥፍ አገላብጬ ለጥፌያቸው ኖሯል። ጆሮዬ የሚያውቀው ሌላ፣ እጄ የሚያውቀው ሌላ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ ነገር በትጋት አጠናሁ።

«ኧረ ያምራል!» አለች ኢራሲ ከጀርባ።

«ተሳስቻለሁ እኮ!»

«እኔ ምን አውቄ። ድገሚው፣ ክንዴ ሞቆልኛል።»

ሦስት ሳምንት በየቀትሩ ደገምነው። ሰዉ ተኝቶም ቢሆን መስማቱ አልቀረም መሰለኝ፤ «ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነፋስ ገብቷል» ሲሉ ሰማሁ። የተሐድሶ ቀን ዘንድሮ እሁድ ላይ ነበር የዋለው፤ የከተማው ሰዎች በማግስቱ መኪና ሊልኩ ተነጋግረዋል፤ ቀሪው ያንተ መልስ ብቻ ነበር። ዓርብ ለት ቄሱ ዘንድ ሄጄ «እሁድ ኦርጋኑ ይጫወታል» አልኩት። ወጣት ልጅ ነው፣ ደስ አለው።

«ማን ነው የሚጫወተው?»

«እኔ» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። አፌ ላይ መጣችና ተመለሰች። «ከቬንድሊንግ ቤት ሰው አለ» አልኩት።

ከዚያ የሆነውን ገምት። ቅዳሜ ጠዋት ላይ አገሩ ሁሉ ሎታር መጥቷል አለ። በድብቅ በሌሊት አውቶቡስ መጥቶ ኤርና ቤት ተኝቷል አሉ። አንዷ ሸብተሃል አለች፣ ሌላዋ መላጣ ሆነሃል አለች። ታንቴ ኦሊንዳ ስላንተ ኬክ ጋገረች፣ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። በር በሩን ያንኳኳሉ፤ እኔ አልከፍትም። ኢራሲ ሳቋ አልቆም አላት። «ዶና ኤርና፣ አንዲት ቃል ውጠሽ አንድ ወንድ ወለድሽ!»

እሁድ ማንም ሳይመጣ ከኢራሲ ጋር ሰገነቱ ላይ ወጣን። ከታች ሆኖ ሰገነቱ ላይ ማን እንዳለ እንደማይታይ ታውቃለህ፤ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶን ነው የሚቀመጠው። ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ለአባባ ቀብር እንኳ እንደዚያ አልሞላም። ቄሱ የመዝሙሩን ቁጥር ተናገረ። ኢራሲ ወናፉን ሞላች። ጀመርኩ።

ጣቴን በጊዜው አነሳሁ፣ ነፋሱም አልጎደለም። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን እጄ ወደለመደው ሄደ። አራተኛውን ተጫወትኩ። ከዚያ ሦስተኛውን። ታውቃለህ፣ ሲሆን ይታየኛል፣ ማቆም ግን አልቻልኩም፤ የሃያ ስምንት ዓመት መንገድ ነው። የመጀመሪያው አንጓ እንዲያ ሆኖ አለቀ።  «አሁን ሁለተኛው ላይ እነሱ በትክክሉ ይዘምራሉ፣ እኔ በስህተቱ እሄዳለሁ፣ እንፋረሳለን» አልኩ በልቤ።

አልተፋረስንም። እነሱ የመጀመሪያውን አንጓ ለመስማት የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ ኦርጋኑ ያለውን ሰሙ፤ ያለውን ዘመሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ የአራተኛውን ዜማ፣ አራተኛው ላይ የሦስተኛውን፣ ቃሉን እየጎተቱ፣ አንድ ሰው ሳይደናቀፍ እስከ መጨረሻው። እንደዚያ ያለ መዝሙር በዓለም ላይ የትም አልተዘመረም። ወናፉ ጋ ኢራሲም ቃሉን ሳታውቅ ታንጎራጉር ነበር።

ቡራኬው እንዳለቀ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። «ሎታር! የት ነው ያለው? ሎታር!» ደስታቸውን እየሰማሁ ከወንበሩ ሳልነሳ ተቀመጥኩ። ደረጃው አሥራ ስድስት ነው። አጎት ኤጎን ፊት ነበር፤ እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ወጣና እኔን አየ። ከጀርባ ኢራሲ ላቧን በሻርፗ እየጠረገች ብቅ አለች። ፊታቸው ሲወድቅ አየሁት፣ ወንድሜ። ሁሉንም አይቻለሁ። ያንን አልረሳውም፣ አልቀየምበትምም።

«የት ሄደ?» አለ አጎት ኤጎን።

«አልመጣም» አልኩ። ደብዳቤህን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። «ከደረሰ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ዋሽቼሃለሁ።»

መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው። «እንጨት ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ።  ከዚያ ወደ ቁልፎቹ፣ ወደ ቀን መቁጠሪያዎቼ፣ ወደ እኔ አየ።

«ይኼን ሁሉ የተጫወትሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ማን አስተማረሽ?»

ኢራሲ ቀደመችኝ። «እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ራሷ!»

«ሦስተኛው መስመር ልክ አይደለም» አለ አጎት ኤጎን።

«አውቃለሁ።»

ታንቴ ኦሊንዳ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጥታ መድረሷ ነበር፤ ግድግዳ ይዛ ትተነፍሳለች። «ኤጎን፣ አንተ ያንን ሦስተኛ መስመር ስልሳ ዓመት ሙሉ ከቅኝት ውጭ ስትዘምረው አንድ ሰው መኪና አስመጥቶ ወሰደህ?»

ሳቁ እስከ ታች ድረስ ተሰማ። አጎት ኤጎን ግን አልሳቀም። መዝገቡን አስመጣና አያት ያስጻፉት ገጽ ላይ ጉልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ ጻፈ። ኤርና ቬንድሊንግ ትጫወታለች። ቀኑን አኖረበት። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለኢራሲ «እርስዎስ፣ እሁድ እሁድ ይችላሉ?» አላት። እሷም «ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ» አለች። መኪናው ትናንት አልመጣም።

እንግዲህ ይኼው ነው። ኬኩን እኛው በላንልህ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የማውቀው ሦስት መዝሙር ነው፤ በዲሴምበር ሠርግ አለ፣ ከዚያ ገና ይመጣል። እዚያ አገር የኖታ መሸጫ አይጠፋም። ለጀማሪ የሚሆን፣ ጉልህ ሆኖ የታተመ ብትልክልኝ። ውድ ከሆነ ያገለገለም ይሁን።

ሌላም ነገር መጻፍ እንዳለብኝ አውቃለሁ። በየዓመቱ በደብዳቤዬ መጨረሻ «ወንበሩ ይጠብቅሃል» እልህ ነበር፤ አባባ ነው እንዲያ በይው ያለኝ፣ ከሞተም በኋላ ልማድ ሆኖብኝ ቀረ። ዛሬ ግን በራሴ ቃል ልበልህ። ሎታር፣ ናልኝ። ሳልሞት ፊትህን ልየው። አልጋህ የቆመበት ቆሟል፣ ፍራሹን ባለፈው ወር ፀሐይ አስመትቼዋለሁ። የብርቱካኑ ዛፍ ዘንድሮ አፍርቷል። እሁድ ስትመጣ ግን ከታች፣ ከታንቴ ኦሊንዳ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ወንበሩ ተይዟል።

እግዚአብሔር በብርዱም በጭጋጉም ይጠብቅህ። ለልጆችህ ጤና፣ ለቤትህ ሰላም፣ ላንተም ጥሩ እንቅልፍ ይስጥህ።

እህትህ
ኤርና ቬንድሊንግ